ማግኔት በስንት ጊዜ ይገለበጣል? የሚሽከረከር የራጅ ብልጭታ ያሳየን ነገር

ስለ ፊደልና ስለ ኪቦርድ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ፊደሉ ከተተየበ በኋላ የት እንደሚያድር ላውራችሁ። «ሀ» ብላችሁ ስትጽፉ ኮምፒውተሩ በዩቲኤፍ-8 የሚያስቀምጠው 11100001 10001000 10000000 ብሎ ነው። ሦስት ባይት፣ 24 ቢት መሆኑ ነው። አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደል 8 ቢት ሲበቃው የእኛ ፊደል ሦስት እጥፍ ቦታ ይይዛል። የስልካችሁና የአብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ማስቀመጫ ፍላሽ ስለሆነ እዚያ ማግኔት አታገኙም። «ክላውድ ላይ አስቀመጥኩት» የምንለው የሠርግ ቪዲዮ፣ የልጆች ፎቶና የቆየ ደብዳቤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው አንድ የዳታ ማዕከል ውስጥ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። እዚያ 1 እና 0 የሚባል ነገር ተጽፎ አይገኝም። ያለው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የዞረ ማግኔት ነው። ዲስኩ የስህተት ማረሚያ ኮድ ስለሚጨምርበት «ሀ» በትክክል 24 ማግኔት ነው ማለት ባይቻልም፣ ነገሩ በጥቅሉ እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ያንን ትንሽ ማግኔት ለመገልበጥ ቢያንስ ስንት ጊዜ ያስፈልጋል? ከዚያ በታች መውረድ የማይቻልበት ወለል አለ ወይ?

ጥያቄው ለጉጉት ብቻ የሚነሳ አይደለም። ዲስክ ሠሪዎች ብዙ መረጃ በትንሽ ቦታ ለማጨቅ ሲሉ የማግኔት ቅንጣቶቹን እያሳነሱ፣ እያሳነሱ መጥተዋል። ቅንጣቱ ከመጠን በላይ ሲያንስ የክፍሉ ሙቀት ብቻ ሊገለብጠው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሠርጉ ቪዲዮ ማንም ሳይነካው ይበላሻል። ይህን ለመከላከል አቅጣጫውን አጥብቆ የሚይዝ፣ «ግትር» የሆነ ማግኔት ይመርጣሉ። ግትር ማግኔት ደግሞ የዲስኩ መጻፊያ ጫፍም አይገለብጠውም። መውጫው የተገኘው በሌዘር ነው፦ የሚጻፍበትን ነጥብ ለአንድ ናኖሰከንድ ያህል ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ማሞቅ፣ ሲለሰልስ መጻፍ፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ። ሲጌት የተባለው ኩባንያ ይህን ዘዴ በመጠቀም ከ30 ቴራባይት በላይ የሚይዙ ዲስኮችን ማቅረብ መጀመሩን በ2024 አስታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ብርሃን ማግኔትን ሲመታው ውስጡ ምን እንደሚሆን ማወቅ የዳታ ማዕከል ጉዳይ ሆኗል።

መጀመሪያ ሰዓታችንን እናስተካክል። ናኖሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ ብርሃን በዚህ ጊዜ 30 ሳንቲሜትር፣ ማለትም ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል። ፒኮሰከንድ የናኖሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ፌምቶሰከንድ ደግሞ የፒኮሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው፤ በአንድ ፌምቶሰከንድ ብርሃን ራሱ የሚሄደው ከፀጉር ውፍረት አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ሌላ ልኬት ልስጣችሁ፦ አንድ ፌምቶሰከንድ ለአንድ ሰከንድ ያለው ሬሾ፣ አንድ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካለው ሬሾ ጋር እኩል ነው። ድንቅነሽ ከኖረችበት እስከ ዛሬ ያለውን ዘመን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመቱን፣ አሥር ጊዜ ደራርቡት።

በ1996 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ኤሪክ ቦርፔር፣ ዣን-ኢቭ ቢጎና ባልደረቦቻቸው አንድ ስስ የኒኬል ሽፋንን በ60 ፌምቶሰከንድ የሌዘር ብልጭታ መቱት። ኒኬሉ ማግኔትነቱን ሊቀንስ እንደሚችል ይታወቅ ነበር፤ ሲሞቅ ማግኔት ይዳከማልና። ማንም ያልጠበቀው ፍጥነቱን ነው። ማግኔትነቱ ገና በመጀመሪያዋ ፒኮሰከንድ ውስጥ ቁልቁል ወረደ። በወቅቱ በነበረው ግንዛቤ ይህ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ መውሰድ ነበረበት።

ለምን አስገረመ? ማግኔትነት በአብዛኛው የሚመጣው ስፒን ከሚባለው የኤሌክትሮን ባሕርይ ነው። እንዝርት አስቡ። ኤሌክትሮን በእውነት እንደ እንዝርት ይሾራል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እንደሚሾር ነገር ሁሉ አንጉላር ሞመንተም የሚባለው የመሾር ክምችት አለው፤ ይህ ክምችት ደግሞ አይጠፋም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ። እንዝርቱ ከቆመ የሆነ ነገር ሽክርክሪቱን ተቀብሎታል ማለት ነው። ታዲያ በኒኬሉ ውስጥ ያሉት ስፒኖች ያንን ሁሉ ክምችት በእንዲህ ያለ ቅጽበት ለማን አስረከቡት? ከ20 ዓመት በላይ ያከራከረው ይህ ነው። በተራ ሌዘር የሚወሰደው ልኬት ደግሞ ክርክሩን ሊዘጋው አልቻለም፤ ሌዘሩ የኤሌክትሮኖቹን መሞቅና የማግኔትነቱን ለውጥ አንድ ላይ ቀላቅሎ ስለሚያይ፣ የታየው የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ ጥያቄ ይነሳበታል።

የሚያስፈልገው ሁለት ነገር የሚያሟላ ብልጭታ ነበር፦ እጅግ አጭር የሆነና ማግኔትነትን ለይቶ የሚያይ። ሁለተኛው ነገር ነው ወደ ራጅ የሚወስደን።

«ራጅ» ከጣሊያንኛ ወደ እኛ የገባ፣ ሐኪም ቤት የለመድነው ቃል ነው፤ «ኤክስሬይ» ከማለት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። የሐኪም ቤቱ ራጅ ኃይሉ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ሥጋን አልፎ አጥንት ያሳያል። እዚህ የምናወራው ለስላሳ ስለሚባለው ራጅ ነው፤ ኃይሉ ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስለሆነ አየር እንኳ ያግተዋል። ሥራው ሁሉ አየር በተመጠጠበት ቧንቧና ክፍል ውስጥ የሚካሄደው፣ ናሙናውም በናኖሜትር የሚለካ ስስ ሽፋን የሚሆነው ለዚህ ነው። ድካሙ ግን ያዋጣል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በዚህ ክልል የራሱ «ጣቢያ» አለውና። ሬዲዮናችሁን 707 ላይ ብታደርጉት ብረትን ትሰማላችሁ፤ 778 ላይ ኮባልትን፣ 853 ላይ ኒኬልን፤ ሁሉም በኤሌክትሮን ቮልት። ብረትና ኮባልት በተደባለቁበት ቅይጥ ውስጥ የብረቱን ማግኔትነት ከኮባልቱ ለይቶ ማየት የሚቻለው በዚህ ነው። ተራ የሚታይ ብርሃን ይህን ያህል ንጹሕ አድርጎ አይለይም።

ራጁ ማግኔትነትን እንዲያይ ደግሞ ፖላራይዝድ መሆን አለበት። ገመድ ዝላይ የተጫወታችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ሁለት ልጆች ገመዱን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ቢያወዛውዙት ሞገዱ በአንድ መስመር ነው፤ ይህ ቀጥ ያለ ፖላራይዜሽን ይባላል። ለመዝለያ ሲያሽከረክሩት ግን ገመዱ ክብ እየሠራ ይሄዳል፤ ይህ ክብ ፖላራይዜሽን ነው። ክቡ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሊዞር ይችላል፤ እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ፎቶን፣ ያንን ሽክርክሪት በውስጡ ይዞ ይጓዛል።

ክብ ፖላራይዝድ የሆነ የራጅ ፎቶን የብረት አቶም ሲመታ ከአቶሙ ጓዳ አንድ ኤሌክትሮን ነቅሎ ወደ ላይኛው ባዶ ቦታ ይወስደዋል። ሽክርክሪቱንም ስለሚያወርሰው የሚነቀሉት ኤሌክትሮኖች ወደ አንደኛው የስፒን አቅጣጫ ያደላሉ። በማግኔት ውስጥ ደግሞ ላይኛው ባዶ ቦታ ለሁለቱም ስፒኖች እኩል አይደለም፤ ለአንደኛው ብዙ፣ ለሌላኛው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀኝ ዟሪው ራጅና ግራ ዟሪው ራጅ በእኩል አይዋጡም። ብሎንና ዳዶ እንደማለት ነው፤ ጥርሱ ከገጠመ ይገባል፣ ካልገጠመ ያንገራግራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቀጥታ የማግኔትነቱን መጠንና አቅጣጫ ይነግራችኋል። ማግኔትነት ከሌለ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ይህን ልዩነት በራጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በብረት ላይ የለካችው ጀርመናዊቷ ፊዚክሰኛ ጊዜላ ሹትስና ባልደረቦቿ በ1987 ሃምቡርግ ውስጥ ነው።

ክብ ፖላራይዝድ ራጅ ሲንክሮትሮን ከሚባሉት ኤሌክትሮን የሚያዞሩ ትላልቅ ቀለበቶች ድሮም ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን ብልጭታቸው በአሥር ፒኮሰከንዶች የሚቆጠር ርዝመት ስላለው ለዚህ ሥራ ይዘገያል። በርሊን ያለው ቤሲ 2 ከረጅሙ ብልጭታ ውስጥ 100 ፌምቶሰከንድ ያህሉን ቆርጦ የማውጣት ዘዴ አበጅቶ ነበር። ዘዴው ብልህ ነው፤ ችግሩ ተቆርጦ የሚወጣው ብርሃን እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። አንድ ልኬት ለመጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቤይ ኤሪያ የምትኖሩ አንባቢዎች ከሳን ሆዜ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በኢንተርስቴት 280 ስትነዱ ሜንሎ ፓርክ አጠገብ አንድ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሕንፃ ከመንገዱ በታች ተሻግሮ ያልፋል። እሱ ነው ስላክ፤ በ1960ዎቹ የተሠራ 3.2 ኪሎሜትር የሚረዝም የኤሌክትሮን ማፋጠኛ። (3.2 ዛሬ አልለቀቀኝም።) ከዚህ ማፋጠኛ የመጨረሻውን አንድ ሦስተኛ ወስደው ኤልሲኤልኤስ የተባለውን የራጅ ሌዘር አበጁበት፤ የመጀመሪያውን ብርሃን የሰጠው በኤፕሪል 2009 ነው። ኤሌክትሮኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ከተጠጉ በኋላ አንዱሌተር በሚባሉ የማግኔት ረድፎች መካከል ያልፋሉ። ማግኔቶቹ ሰሜን-ደቡብ፣ ሰሜን-ደቡብ እየተፈራረቁ የተደረደሩ ስለሆኑ ኤሌክትሮኑ እንደ እባብ ግራና ቀኝ እየተጥመለመለ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ መጥመልመል ራጅ ይረጫል። ከመቶ ሜትር በሚበልጠው በዚህ መንገድ ላይ የተረጨው ራጅ ተመልሶ ኤሌክትሮኖቹን በራሱ የሞገድ ርዝመት ልክ በስስ ንብርብር ያሰልፋቸዋል። የተሰለፉት በአንድነት ሲረጩ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይጎላል። የሚወጣው ብልጭታ ጥቂት ፌምቶሰከንድ ድረስ ሊያጥር ይችላል፤ በሰከንድም እስከ 120 ጊዜ ይመጣል።

እባቡ የሚሄደው በአንድ ጠለል ብቻ ስለሆነ ግን ራጁ ቀጥ ያለ ፖላራይዜሽን ነው ያለው። ለማግኔት ሥራ የመጡት ተመራማሪዎች መጀመሪያ ላይ ራጁን በስስ የኮባልት ሽፋን አሳልፈው አንደኛውን ሽክርክሪት በማጥራት ይጠቀሙ ነበር፤ አብዛኛው ብርሃን መንገድ ላይ ይቀራል። መፍትሔው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አሌክሳንደር ተምኒክ ካወጣው ንድፍ መጣ። ዴልታ የሚባለው ይህ አንዱሌተር 3.2 ሜትር ነው፤ የኤሌክትሮኑን ቧንቧ በአራት ወገን የከበቡ አራት የማግኔት ረድፎች አሉት። ረድፎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። በአንድ አሰላለፍ ኤሌክትሮኑ ጠፍጣፋ ይጥመለመላል፤ በሌላው እንደ ብሎን ጥርስ እየተጠመዘዘ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ። የተጠመዘዘ ኤሌክትሮን የሚረጨው የተጠመዘዘ ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ምህንድስናው ደስ የሚለኝ እዚህ ነው። ባለ 3.2 ሜትር መሣሪያ ብቻውን ኃይለኛ ሌዘር ለመሆን በጣም አጭር ነው። ስለዚህ ዴልታን የመስመሩ መጨረሻ ላይ አስቀመጡት፦ ከፊቱ ያሉት አንዱሌተሮች ኤሌክትሮኖቹን ያሰልፋሉ፣ ዴልታ የተሰለፉትን ተቀብሎ ወዲያው ያስረጫቸዋል። ነገር ግን ከፊት ያሉትም ቀጥ ያለውን ብርሃናቸውን ይረጫሉ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ልፋቱ ከንቱ ነው። ያገኙት ብልሃት የፊተኞቹን አንዱሌተሮች የማግኔት ጥንካሬ በመንገዱ ላይ ከተለመደው በተቃራኒ ቀስ በቀስ እንዲለዋወጥ ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ኤሌክትሮኖቹ መሰለፋቸውን ይቀጥላሉ፣ የሚረጩት ብርሃን ግን ደካማ ይሆናል። ዘማሪዎቹን ድምፅ ሳያሰሙ አሰልፎ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ «አሁን» እንደማለት። በ2016 ይፋ በሆነው ውጤት ክብ ፖላራይዜሽኑ ወደ 98 በመቶ ደርሷል። በጣሊያን ትሪየስቴ ያለው ፌርሚ ከ2010 ጀምሮ የሚሠራና ፖላራይዜሽኑ ከመነሻው የሚቀያየር መሣሪያ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ አግባብ አይሆንም፤ የዴልታ ልዩነቱ ቀድሞ በቆመና ለዚህ ባልታሰበ ማሽን ላይ መጨመሩ ነው።

ልኬቱ ራሱ እንዲህ ይካሄዳል። የሚታይ ሌዘር ናሙናውን ይመታል፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ የራጁ ብልጭታ መጥቶ «አሁን ምን ላይ ነህ?» ይለዋል። ከዚያ ናሙናውን በውጭ ማግኔት ወደ ነበረበት ይመልሱትና ቆይታውን ለውጠው ይደግሙታል፤ ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ። ቆይታውን የሚለውጡት መስታወት በመግፋት ነው። መስታወቱን 0.15 ሚሊሜትር ብትገፉት ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ አንድ ፒኮሰከንድ ይዘገያል። እንዲህ ያለ ሰዓት በመስታወትና በማስመሪያ መሠራቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ሁለቱ ብልጭታዎች ሁልጊዜ በቀጠሯቸው አይደርሱም፤ በአሥሮች ፌምቶሰከንድ ይዛነፋሉ። ስለዚህ የእያንዳንዷን ብልጭታ እውነተኛ መድረሻ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ፤ ስሌቱ የሚታረመው በኋላ ነው።

ምን ታየ? ከሁሉ ይበልጥ የምወደው የበርሊኑ የ2011 ሥራ ነው፤ በዚያው ጥቂት ብርሃን በሚሰጠው ዘዴ የተገኘ። ናሙናው ጋዶሊኒየም፣ ብረትና ኮባልት የተቀላቀሉበት ቅይጥ ነበር። በዚህ ቅይጥ ውስጥ የብረቱ ስፒንና የጋዶሊኒየሙ ስፒን ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ወደ ላይ ካየ ሌላው ወደ ታች ያያል። ሌዘሩ ሲመታቸው ብረቱ በ300 ፌምቶሰከንድ ገደማ ዜሮን አልፎ ተገለበጠ፤ ጋዶሊኒየሙ ግን 1.5 ፒኮሰከንድ ገደማ ወሰደበት። በመካከሉ ባለው ጊዜ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዩ ነበር። በሰላሙ ጊዜ ጨርሶ የማይፈቀድ ሁኔታ ነው። ንጥረ ነገሮቹን ለይቶ የሚያይ ራጅ ባይኖር ኖሮ ይህን ማን ያየው ነበር? በዓመቱ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ይህን ቅይጥ ለመገልበጥ የውጭ ማግኔት አያስፈልግም፤ አጭር የሙቀት ምት ብቻ ይበቃል። በኤልሲኤልኤስ በ2013 የወጣው ውጤት ደግሞ ቅይጡ ወጥ አለመሆኑንና የመሾር ክምችት በናኖሜትር ርቀት ብረት ከበዛበት ጠጋግ ወደ ጋዶሊኒየም ወደ በዛበት እንደሚሻገር አሳየ።

ያ የጠፋው ክምችትስ? በ1915 አልበርት አይንስታይንና ቫንደር ደ ሃስ በክር የተንጠለጠለ የብረት ዘንግ ማግኔትነቱ ሲለወጥ ዘንጉ ራሱ እንደሚዞር አሳይተው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2019 ይፋ በሆነ ሥራ፣ የዙሪኩ ኢቲኤች ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ያንኑ ጥያቄ በስስ የብረት ሽፋን ላይ በኤልሲኤልኤስ ጠየቁት። ራጁ የአቶሞቹን ድርድር እንቅስቃሴ ሲከታተል፣ ስፒኖቹ ካጡት ክምችት ወደ 80 በመቶ የሚሆነው በ200 ፌምቶሰከንድ አካባቢ ወደ አቶሞቹ ድርድር መሄዱ ታየ። ይህ ለብረት የተገኘ መልስ ነው፤ በሌሎች ቅይጦች የብረት ለጋዶሊኒየም ዓይነት ዝውውር ድርሻ ስላለው ሁሉንም በአንድ መልስ መዝጋት አይቻልም።

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። «ከዛሬው ሺህ ጊዜ የሚፈጥን ዲስክ መጣ» የሚል አርዕስት ስታዩ ረጋ በሉ። ማግኔት በፒኮሰከንድ መገልበጡ እውነት ነው። ነገር ግን የሚታይ ብርሃን በተራ ሌንስ ሲሰበሰብ የሚያርፍበት ነጥብ በመቶዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ስፋት አለው፤ የዲስክ ቢት ደግሞ በአሥሮች ናኖሜትር ነው። ፌምቶሰከንድ ሌዘርም እስካሁን ጠረጴዛ የሚይዝ ዕቃ እንጂ ዲስክ ውስጥ የሚገባ አይደለም። በእኔ ግምት ከፍጥነቱ ይልቅ ቀድሞ የሚጠቅመን የኃይል ቁጠባው ነው፤ አጭር ምት ጥቂት ሙቀት ብቻ ትቶ ይሄዳልና፣ የዳታ ማዕከል ዋነኛ ራስ ምታት ደግሞ ሙቀት ነው።

መሣሪያዎቹ በበኩላቸው እየፈጠኑ ነው። በ2017 ሃምቡርግ አጠገብ የተከፈተው ዩሮፒያን ኤክስፌል በሰከንድ እስከ 27,000 ብልጭታ ይሰጣል። የስላኩ አዲስ ማፋጠኛ ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ድረስ የሚቀዘቅዝ ሲሆን በሴፕቴምበር 2023 የመጀመሪያ ብርሃኑን ሰጥቷል፤ የታሰበለት በሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ብልጭታ ነው። በ120 ብልጭታ ሰዓታት ይወስድ የነበረ ልኬት በደቂቃ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው።

በመጨረሻ ፊዚክስ ወይም ማቴሪያል ሳይንስ ለሚማሩ ልጆቻችሁና ወንድም እህቶቻችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ። አፍሪካ ውስጥ እስካሁን አንድም ሲንክሮትሮን የለም፤ በአካባቢው ያለው ሴሳሚ በ2017 ዮርዳኖስ ውስጥ ተመርቋል። እንደ ኤልሲኤልኤስ ያሉት ማሽኖች ግን የአገሩ ዜጎች ብቻ የሚጠቀሙባቸው አይደሉም። ከየትም አገር ያለ ተመራማሪ የሥራ ሐሳቡን ጽፎ ያቀርባል፣ ባለሙያዎች ይመዝኑታል፣ ካለፈ የማሽን ጊዜ ይሰጠዋል። ውጤቱ ለሁሉም ይፋ የሚሆን ከሆነ ለማሽኑ ጊዜ ክፍያ አይጠየቅም።